በሒሳብ መዝገብ የማይሰፍር ትርፍ

ደግነት ለሰጪው ስለሚያመጣው ደስታ

ንግድ በትርፍ የሚኖር ሥራ ነው። አስመጪው ዕቃውን ከባሕር ማዶ ሲያዝዝ፥ ላኪው ቡናውንና ሰሊጡን አበጥሮ ወደ ወደብ ሲሰድ፥ ባለሱቁም ማለዳ በሩን ከፍቶ ደንበኛውን ሲጠብቅ፥ የሁሉም አሳብ አንድ ነው፤ የገባው ከወጣው እንዲበልጥ። በዚህም የሚያሳፍር ነገር የለም። ትርፍ የሌለው ንግድ ሠራተኛውን ደመወዝ፥ መንግሥትን ግብር፥ ቤተ ሰብንም እንጀራ ይነሣልና።

ዳሩ ግን የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ተዘግቶ ሒሳቡ ከተሠራ በኋላ፥ ከቁጥሮቹ መካከል መልስ የማይገኝለት አንድ ጥያቄ ይቀራል። ይኸውም ነጋዴው በዓመቱ ድካም ደስ ብሎታል ወይ? የሚለው ነው። ትርፉ በእጥፍ ያደገለት ሰው ፊቱ ጠቁሮ ሲውል፥ በመጠኑ የሚያተርፈው ጎረቤቱ ደግሞ ከደንበኞቹ ጋር እየተጫወተ ሲሥቅ ማየት በየገበያው የተለመደ ነው። ለዚህ ልዩነት ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ ጤና፥ ቤተ ሰብ፥ ዕዳ፥ ጠባይም አለበት። ይሁን እንጂ ከምክንያቶቹ አንዱን የሥነ ልቡና ሊቃውንት በተለይ ነጥለው መርምረውታል። እርሱም ሰው ካለው ላይ ከፍሎ ለሌላው የሚያደርገው ደግነት ነው።

ደግነት መልካም ምግባር መሆኑን አባቶች፥ ካህናትና ሼኾች ሲያስተምሩ ኖረዋል። ምጽዋት በክርስቲያኑ ዘንድ፥ ዘካና ሰደቃም በእስላሙ ዘንድ የታወቁ ናቸው። ሊቃውንቱ የጨመሩት መለኪያውን ነው። ነጋዴ ዕቃን በሚዛን እንደሚያረጋግጥ ሁሉ፥ እነርሱም ገንዘብ ለሰዎች ሰጥተው፥ ግማሹ ለራሱ፥ ግማሹም ለሌላ እንዲያወጣ አድርገው፥ ማን የበለጠ ደስ እንዳለው ጠይቀዋል። የተገኘውም ውጤት ለነጋዴው ኅብረተ ሰብ ሊታወቅ የሚገባው ነው።

በአምስትና በሃያ ዶላር የተደረገ ፈተና

ከእነዚህ ምርምሮች እጅግ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2008 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣው ነው። ምርምሩን ያካሄዱት በካናዳ አገር በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ኤልዛቤት ደንና ላራ አክኒን፥ በአሜሪካም የሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት መምህር የሆኑት ማይክል ኖርተን ናቸው።

ተመራማሪዎቹ 46 ሰዎችን ማለዳ አግኝተው በቅድሚያ የደስታቸውን መጠን ጠየቁ። ቀጥሎም ለእያንዳንዱ በፖስታ አድርገው ለአንዳንዱ 5 ዶላር፥ ለአንዳንዱም 20 ዶላር ሰጡ። ከእነዚህም ከፊሎቹ ገንዘቡን ለራሳቸው ጉዳይ እንዲያውሉ፥ የቀሩት ግን ለሌላ ሰው ስጦታ እንዲገዙበት ወይም ለበጎ አድራጎት እንዲሰጡት ታዘዙ። ቀነ ገደቡም በዚያው ቀን እስከ አመሻሹ 11 ሰዓት ነበር። ማታ እንደገና ሲጠየቁ፥ ለሌላው ያወጡት ለራሳቸው ካወጡት ይልቅ ደስ ብሏቸው ተገኙ።

በዚህ ፈተና ውስጥ ነጋዴ ቆም ብሎ ሊያስብበት የሚገባ ሁለት ነገር አለ። የመጀመሪያው፥ በ5ና በ20 ዶላር መካከል በደስታው ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አለመታየቱ ነው። ልዩነቱን ያመጣው ገንዘቡ የዋለበት ቦታ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የሰዎች ግምት መሳሳቱ ነው። ተመራማሪዎቹ ለሌሎች 109 ተማሪዎች ነገሩን አስረድተው የትኛው ይበልጥ የሚያስደስት ይመስላችኋል? ብለው ቢጠይቋቸው፥ የሚበዙት ገንዘቡን ለራስ ማዋል፥ ያውም 20 ዶላሩን፥ የበለጠ ያስደስታል ብለው መለሱ። ይህም ሰው ስለ ገዛ ደስታው በሚያደርገው ምርጫ ላይ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል ያሳያል። ነጋዴ በዕቃ ዋጋ እንዲህ ያለ የግምት ስሕተት ቢሠራ ሱቁ ብዙ ባልቆየ ነበር።

በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ከሥራ ዓለም የተወሰደ ሌላም ማስረጃ አለ። በቦስተን ከተማ በሚገኝ አንድ ድርጅት ውስጥ ከዓመቱ ትርፍ የጉርሻ ድርሻ የደረሳቸው 16 ሠራተኞች፥ ገንዘቡን ከመቀበላቸው አንድ ወር ያህል በፊት፥ ከተቀበሉም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ ተጠይቀው ነበር። ከጉርሻው መብዛትና ማነስ ይልቅ ደስታቸውን የወሰነው፥ ከተቀበሉት ላይ ለሌላ ሰው ያዋሉት ክፍል ነበር።

አሥራ ስድስት ሰው ጥቂት ነው፤ 46ም ቢሆን ብዙ አይደለም። አንድ ናሙና ቀምሶ ሙሉውን ጭነት የሚገዛ የቡና ነጋዴ ስለሌለ፥ ሊቃውንቱም ምርመራውን በስፋት ደግመውታል። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ ሌላ ጽሑፍ 712 ተማሪዎች ከፊሎቹ ለራሳቸው፥ ከፊሎቹም ለማያውቁት ሰው ዕቃ እንዲገዙ ተደርጎ፥ ለሌላው የገዙት ደስታ በልጦ ተገኝቷል። ብልጫው ግን መጠነኛ መሆኑ አብሮ ሊነገር ይገባል። ደግነት ኀዘንን ሁሉ የሚያጠፋ መድኃኒት ነው ያለ የለም። የተባለው፥ አንድ ገንዘብ በሁለት መንገድ ሊወጣ ሲችል፥ ወደ ሌላው የሚሄደው መንገድ ለባለ ገንዘቡም የተሻለ ፍሬ ይዞ ይመለሳል ነው።

ደግነት የባለጠጋ ብቻ አይደለም

ይህን የሚሰማ ትንሽ ነጋዴ፥ ለጠገበ ሰው መስጠት ቀላል ነው፤ ለራሱ ያልሞላለት ግን ከየት አምጥቶ ይሰጣል? ቢል አይፈረድበትም። ነገሩ የበለጸጉ አገሮች ጠባይ ብቻ እንደ ሆነና እንዳልሆነ ለማወቅም ምርመራ ተደርጓል።

እ.ኤ.አ. በ2013 በላራ አክኒን መሪነት በወጣ ጽሑፍ፥ ከ2006 እስከ 2008 በ136 አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ሰዎች የሰጡት መልስ ተመርምሮ ነበር። በአብዛኞቹ አገሮች፥ በድኾችም ሆነ በሀብታሞች፥ ለበጎ አድራጎት የሚሰጡ ሰዎች ከማይሰጡት ይልቅ በሕይወታቸው ደስተኞች ሆነው ተገኝተዋል። እርግጥ ነው፥ ከዚህ ዝምድና ብቻ ተነሥቶ ደስታው የመጣው ከመስጠት ነው ለማለት አይቻልም። ደስ ያለው ሰው ይሰጥ ይሆናልና። ስለዚህ እነዚሁ ሊቃውንት በካናዳና በኡጋንዳ ሰዎች ለራሳቸው ወይም ለሌላ ያወጡትን ገንዘብ እንዲያስታውሱ አደረጉ። በሁለቱም አገሮች ለሌላ ሰው ያወጡትን ያስታወሱት ደስታቸው ከፍ ብሎ ታየ። በደቡብ አፍሪካም ለአንድ ታማሚ ሕፃን ጣፋጭ ነገር የገዙት፥ ያንኑ ለራሳቸው ከገዙት ይልቅ ደስ አላቸው። ሰጪዎቹ ሕፃኑን አላዩትም፤ ሕፃኑም ሰጪዎቹን አያውቃቸውም።

በአገራችን ይህን አሳብ የሚገልጽ አንድ የታወቀ ተረት አለ፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው የሚለው። ተረቱ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ስለ ኅብረት ሥራ ነው። ነገር ግን ስለ ሀብትም ይናገራል። ሃምሳውን ሎሚ ብቻውን የተሸከመው ሰው ሎሚው የራሱ ነው፤ ነገር ግን ያለው ነገር ከብዶታል። ሲያካፍለው ግን አንዷ ሎሚ በእጁ ቀርታ መዓዛዋን ለማሽተት ይበቃል።

የማያስደስት መስጠት

እዚህ ላይ ነጋዴው የሚያነሣው ሌላ ጥያቄ አለ። በዓመት ውስጥ በየምክንያቱ የመዋጮ ደብተር ይዞ ወደ ሱቅ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። ባለሱቁም ከፊት ለፊቱ የጎረቤቱን ስምና ያዋጣውን ብር ሲያይ፥ እንዳያፍር ብሎ ኪሱን ይፈታል። ይህም መስጠት ነው፤ ነገር ግን ሰጪው ደስ አይለውም፤ አንዳንድ ጊዜም እያጉረመረመ ይውላል። እንግዲያስ ሊቃውንቱ የሚሉት ደስታ የት ሄደ?

መልሱ፥ ደስታው በሁሉም መስጠት ውስጥ አይገኝም የሚል ነው። ምርምሮቹ በተለይ ሦስት ነገሮችን ለይተው ያሳያሉ።

አንደኛው ፈቃድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ አገር በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት የተደረገ ምርመራ በዚህ ረገድ ለግብር ከፋዩ ሁሉ የሚያስገርም ነው። ለ19 ሴቶች ለእያንዳንዳቸው 100 ዶላር ተሰጥቶ፥ አንጎላቸው በመሣሪያ እየታየ፥ ከገንዘቡ ላይ ወደ አንድ የድኾች ምግብ ማከፋፈያ ይተላለፍ ነበር። አንዳንዱ ዝውውር እንደ ግብር በግዴታ፥ አንዳንዱም በፈቃዳቸው ነበር። በግዴታ በሚወሰደው ጊዜ እንኳ፥ ሰው ገንዘብ ሲቀበል የሚነቃቃው የአንጎል ክፍል ተነቃቅቶ ታየ። በፈቃድ ሲሰጡ ግን መነቃቃቱ በረታ። እንግዲህ ገንዘቡ ለበጎ ነገር መዋሉን የሚያውቅ ሰው በግብሩም ጥቂት ደስታ ያገኛል ማለት ነው፤ ሙሉው ደስታ ግን እምቢ ለማለት እየቻለ እሺ ላለው ሰው የተጠበቀ ነው። መዋጮ ጠያቂዎችም ከዚህ የሚማሩት አለ፤ ሰውን አሳፍሮ የሚሰበሰብ ገንዘብ የዛሬውን ጉዳይ ቢሞላም፥ ሰጪው ለነገ የሚመለስበትን ደስታ ይወስድበታል።

ሁለተኛው ፍሬውን ማየት ነው። ለሕፃናት ለሚረዱ ሁለት ድርጅቶች የተደረገ ስጦታ ተነጻጽሮ ነበር። አንደኛው ሰፊና ብዙ ሥራ ያለው ሲሆን፥ የተሰጠው ገንዘብ ለምን እንደ ዋለ ለሰጪው በግልጽ አይታየውም። ሁለተኛው ግን በ10 ዶላር አንድ የወባ መከላከያ አጎበር እንደሚገዛ ያስታውቃል። ለሁለተኛው የሰጡት በሰጡት መጠን ደስታቸው ይጨምር ነበር፤ ለመጀመሪያው የሰጡት ግን እንደዚያ አልሆኑም። ሁለቱም ሥራቸው በጎ ነው። ልዩነቱ ሰጪው አንድ ሕፃን በአንድ አጎበር ሥር ተኝቶ በዓይነ ልቡናው ለማየት መቻሉ ነው። ነጋዴ ደረሰኝ የሚወድ ሰው ነው። ደግነትም ደረሰኝ ሲኖረው ይወደዳል።

ሦስተኛው ከሰው ጋር መገናኘት ነው። በአንድ ምርመራ ለሰዎች 10 ዶላር የሚያወጣ የቡና ቤት ካርድ ታደላቸው። አንዳንዶቹ ካርዱን ለሌላ ሰው ሰጥተው እንዲሄዱ፥ አንዳንዶቹ ሌላውን ሰው ይዘው ሄደው አብረው እየጠጡ እንዲጋብዙበት፥ ሌሎቹ ደግሞ ለራሳቸው እንዲጠጡበት ተነገራቸው። ከሁሉ ይበልጥ ደስ ብሏቸው የተገኙት አብረው ተቀምጠው የጋበዙት ነበሩ። ቡናን ጎረቤት ሳይጠሩ መጠጣት ነውር በሆነበት አገር ለሚኖር ሰው ይህ አዲስ ነገር አይሆንበትም። ከፍትፍቱ ፊቱ የሚባለውም ስለዚህ ነው።

ከገበያ መካከል የተገኘ ምሳሌ

እነዚህ ሦስት ነገሮች በአገራችን የገበያ ልማድ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ይገኛሉ። ሽንኩርት ሻጭዋ መዝና ከጨረሰች በኋላ የምትጨምራት አንዲት ራስ ሽንኩርት፥ ጨርቅ ሻጩም ከለካው በላይ የሚተዋት ስንዝር፥ ምራቂ ትባላለች። ምራቂን ሕግ አያዝዘውም፤ ሻጩ ካልፈለገ አይሰጠውም፤ ሲሰጠውም በገዢው ፊት፥ በገዛ እጁ ነው። ቃሉ ከምርቃት ጋር የተዛመደውም ያለ ምክንያት አይመስልም። ገዢው ምራቂውን ሲቀበል፥ ሻጩም መልካም ቃል ይቀበላልና።

እድርም እንዲሁ ነው። ወርኀዊው መዋጮ በደንብ የተወሰነ ቢሆንም፥ የእድር ዋናው ነገር ኀዘን በደረሰ ጊዜ ድንኳን መትከሉ፥ ንፍሮ መቀቀሉ፥ ሌሊቱን ከኀዘንተኛው ጋር ማሳለፉ ነው። ገንዘቡን ልኮ ራሱ የሚቀር ሰው በእድርተኞቹ ዘንድ ሙሉ እድርተኛ ተብሎ አይቆጠርም።

የኮሮና በሽታ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ወደ አገራችን በገባ ጊዜም፥ ገበያ ሲቀዘቅዝ ብዙ የሕንፃና የቤት ባለቤቶች ለተከራዮቻቸው የወር ኪራይ እንደ ማሩና እንደ ቀነሱ ይታወቃል። ተከራዩ ብዙውን ጊዜ ባለሱቅ ነበር። በዚያ ወር የቀረው ኪራይ በባለቤቱ መዝገብ ላይ እንደ ጉድለት ተጽፏል። ሱቁን ሳይዘጋ የቀረው ተከራይ ግን ያንን ወር በሌላ ስም ይጠራዋል።

ከንግዱ ዓለም ወጥቶ ወደ ሙሉ በጎ አድራጎት የገባ ሰው ሲጠቀስ፥ የወይዘሮ አበበች ጎበና ስም ይነሣል። ወይዘሮ አበበች በአንድ የቡናና የእህል ድርጅት ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆነው ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ወደ ወሎ በሄዱ ጊዜ፥ በረኃብ የተጎዳ ሕዝብ በመንገድ ላይ ወድቆ አዩ። ሲመለሱም ወላጅ ያጡ ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ አዲስ አበባ መጡ። ዓመት ሳይሞላ የልጆቹ ቁጥር 21 ደረሰ። ይህ ደግነት ያለ ዋጋ የተገኘ አልነበረም። ከቤተ ሰባቸው ተቃውሞ ገጥሟቸው ቤታቸውንና ትዳራቸውን ትተው ወጡ፤ ሥራቸውም ቀረ፤ ምግብ እያዘጋጁ በመሸጥ ልጆቹን አሳደጉ። በስማቸው የተቋቋመው የሕፃናት ማሳደጊያ በኋላ እጅግ ሰፍቶ ለብዙ ሺህ ሰዎች ተርፏል። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲያርፉ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች እናታችን እያሉ አልቅሰውላቸዋል።

ከእያንዳንዱ ነጋዴ እንዲህ ያለ ሥራ አይጠበቅም። ነገር ግን የወይዘሮ አበበች ሥራ የጀመረው በብዙ ሺህ ሰው አይደለም፤ በመንገድ ላይ ከታዩ ሁለት ሕፃናት ነው። የቡናን ፍሬ አንድ በአንድ እየለየ የሚመረምር ዓይን፥ ከብዙ ሕዝብ መካከልም ሁለት ፊት ለይቶ አየ።

ዱቤና ስጦታ እንዳይደባለቁ

አስተዋይ ነጋዴ ግን ይህን ሁሉ ሰምቶ አንድ ተገቢ ፍርሃት ያድርበታል። ደግ ባለሱቅ እንደ ሆነ ሰፈሩ ካወቀበት የዱቤ ደብተሩ ይሞላል፤ ደብተሩም ሲሞላ መደርደሪያው ባዶ ይሆናል። በደግነት የተዘጋ ሱቅ ለማንም አይጠቅምም።

ይህ ፍርሃት እውነተኛ ነው። መፍትሔውም ዱቤንና ስጦታን መለየት ነው። ዱቤ ንግድ ነው፤ መጠኑም፥ የሚከፈልበትም ቀን ተወስኖ በጽሑፍ ሊሰፍር ይገባዋል። ስጦታ ግን እንዲመለስ የማይጠበቅ ነው፤ ሰጪው ሲሰጥ ከሒሳቡ አውጥቶታል። ጉዳት የሚመጣው ሁለቱ ሲደባለቁ ነው። እንቢ ማለት አፍሮ በዱቤ የሰጠ ባለሱቅ፥ ገንዘቡ ሳይመለስ ሲቀር ዕቃውንም፥ ጎረቤቱንም፥ ደስታውንም ያጣል። ተበዳሪው በሱቁ ፊት ማለፍ ያፍራል፤ ባለሱቁም ባየው ቁጥር ቁስሉ ይነካል። ችግረኛ መሆኑን ተረድቶ ይህን ያህል በነጻ ውሰድ፥ ከዚህ በላይ ግን አልችልም ያለ ባለሱቅ ግን፥ የሰጠው ጥቂት ቢሆንም ወዳጅነቱም ሒሳቡም ደህና ይቆያሉ። እንዲህ ሲሆን ደግነት ወሰን አለው፤ ወሰን ያለው ደግነትም ዘላቂ ይሆናል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ስለ ማስታወቂያ ነው። ለአንድ ትምህርት ቤት አሥር ደርዘን ደብተር ሰጥቶ ፎቶግራፍ አንሺ የሚጠራ ድርጅት አለ። ስጦታው ለተማሪዎቹ ይጠቅማል፤ ስሙም ለድርጅቱ ይጠቅማል፤ ይህ በንግድ ሕግ ነውር የለበትም። ነገር ግን ወጪው በማስታወቂያ መደብ ይመዝገብ እንጂ፥ ከእርሱ የልብ ደስታ አይጠበቅ። ደንበኛም ሁለቱን ለመለየት ብዙ ጊዜ አይወስድበትም።

በድርጅት ውስጥ

ደግነት ከሱቁ ደጅ ወደ ውስጥም ይዘልቃል። ብዙ አሠሪዎች ሠራተኛውን ለማትጋት የሚያውቁት አንዱ መንገድ ጉርሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ አንድ ጽሑፍ ይህንን ልማድ በሌላ መልክ ሞክሮታል። በቤልጂግ አገር መድኃኒት የሚሸጡ ሠራተኞች በየቡድናቸው ሆነው ጥቂት ገንዘብ ተሰጣቸው። በአንዳንዱ ቡድን ገንዘቡ ለራስ፥ በአንዳንዱም ለሥራ ባልደረባ ስጦታ እንዲውል ተደረገ። ቀጥሎ በታየው ሽያጭ፥ እርስ በርሳቸው የተሰጣጡት ቡድኖች ብልጫ አሳዩ፤ ለራሳቸው ያወጡት ቡድኖች ግን የተሰጣቸውን ያህል እንኳ አላስገኙም።

ይህን ያነበበ አሠሪ ጉርሻን ይከልክል ማለት አይደለም። የሠራተኛ ጉርሻ መብቱ ወይም ተስፋው ነውና አይነካም። ነገር ግን ለበዓል ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱን ለሠራተኞቹ ሰጥቶ፥ ለማን እንደሚውል ራሳቸው እንዲመርጡ ቢያደርግ፥ አንድ የታመመ ባልደረባ ይጠየቅበታል፥ ወይም የዘበኛው ልጅ ደብተር ይገዛበታል። ገንዘቡ ከአሠሪው እጅ በቀጥታ ቢወጣ ኖሮ የአሠሪው ደግነት ብቻ ይሆን ነበር፤ በዚህ መንገድ ግን የቤቱ ሁሉ ይሆናል።

ሳይደረግ የሚቀረው ደግነት

ደግነት ይህን ያህል የሚያስደስት ከሆነ ሰው ለምን ዘወትር አያደርገውም? አንዱ ምክንያት ድርጊቱን ከመጀመሩ በፊት ዋጋውን ዝቅ አድርጎ መገመቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 አሚት ኩማርና ኒኮላስ ኤፕሊ የተባሉ ተመራማሪዎች ያወጡት ጽሑፍ ይህን ያስረዳል። በቺካጎ ከተማ፥ በክረምት ብርድ፥ ሰዎች በበረዶ ላይ ለመንሸራተት በሚሰበሰቡበት ቦታ፥ ትኩስ የቸኮላታ መጠጥ ለተሰጣቸው ሰዎች፥ መጠጡን ራሳችሁ ጠጡት፥ ወይም ለማታውቁት ሰው ስጡት ተባሉ። የሰጡት ሰዎች፥ ተቀባዩ ነገሩን ምን ያህል ከፍ አድርጎ እንደሚያየው ሲጠየቁ፥ ተቀባዩ ራሱ ከተናገረው አሳንሰው ገመቱ። ሰጪው የሚያስበው ስለ አንዲት ስኒ መጠጥ ነበር፤ ተቀባዩ ግን የማያውቀው ሰው ስላሰበለት ልቡ ሞቀ።

በየሱቁም የሚሆነው ይኸው ነው። ባለሱቁ አሮጊቷን ደንበኛውን ዕቃዋን እስከ ቤቷ በልጅ ቢያስልክላት፥ ምን አላት፥ ትንሽ ነገር ናት ብሎ ይተወዋል። ላኪው ለብዙ ዓመት ቡና ላቀረበለት ገበሬ ልጁ ስትዳር ስጦታ መላክ ያስባል፤ ያንስ ይሆን እያለ ሳይልክ ይቀራል። አስመጪው የቀድሞ ሠራተኛው ታሞ መተኛቱን ይሰማል፤ ባዶ እጄን አልሄድም፥ ሲመቸኝ እጠይቀዋለሁ ይላል፤ ሳይመቸውም ሰውዬው ይሞታል። ከእነዚህ አንዳቸውም ክፉ ሰዎች አይደሉም። የተሳሳቱት በዋጋ ግምት ነው። ዋጋውን ባለማወቅ ያልተገዛ ዕቃ ሌላ ቀን ይገዛል፤ በዚህ ዓይነት ያመለጠ ደግነት ግን ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ገበያ የለውም።

ስለዚህ ነገሩን ለዕድል ከመተው ይልቅ፥ ነጋዴ የሚያውቀውን ሥርዓት ቢከተልበት ይሻላል። በየወሩ ከሚገኘው ላይ፥ ንግዱን የማይጎዳ፥ ጥቂትም ቢሆን የተወሰነ ገንዘብ ለዚሁ ይለይ። ገንዘቡ ሲያልቅ ያለ ኀፍረት አልቋል ይባል፤ ሳያልቅ ግን ወሩ አይለፍ። ከሚሰጠውም ቢያንስ አንዱ በገዛ እጅ፥ ፊት ለፊት ይሰጥ። ገንዘብ በሌለበት ወር ደግሞ ጊዜና ዕውቀት አለ። አዲስ ሱቅ ለከፈተ ወጣት ደረሰኝ አያያዝን ማስተማር፥ ከውጭ ዕቃ ለማስመጣት ለሚጀምር ሰው የባንኩንና የጉምሩኩን አካሄድ ማስረዳት፥ ብር የማይወጣበት ትልቅ ስጦታ ነው። የተማረው ወጣት ነገ ተወዳዳሪ ይሆን ይሆናል። ገበያ ግን በብዙ ጎበዞች እንጂ በአንድ ሰው ብቻ አይደምቅም።

የሰኔ 30ው መዝገብ የገባውንና የወጣውን ብር በትክክል ይናገራል፤ ሊናገርም ይገባዋል። በወጪ ዓምድ ላይ ከሰፈሩት ቁጥሮች መካከል ግን ነጋዴው ከዓመት በኋላም ሲያስታውሳቸው ደስ የሚሉት የትኞቹ እንደ ሆኑ መዝገቡ አይለይም። እነርሱን የሚያውቃቸው ባለቤቱ ብቻ ነው። በዚህ ዓመት መዝገቡን ሲዘጋ እንዲህ ያለ አንድ ቁጥር እንኳ ቢያጣበት፥ ለሚመጣው ዓመት ከሚያቅዳቸው ወጪዎች መካከል አስቀድሞ ቦታ ይተውለት።